የማይናገረው አካል
ያረጀ የላንድሮቨር አሞርዛተርን ስለ መለወጥ፤ በቢቸናና በሞጣ መንገድ ምሳሌነት ለማኅበሩ አባላት የቀረበ ንግግር




በአንድ ተሽከርካሪ ውስጥ ሕመሙን ወዲያው የሚናገር አካል አለ፤ ዝም ብሎ የሚሞትም አካል አለ። ባትሪው ሲደክም ሞተሩ አይነሣም። ጎማው ሲተነፍስ መኪናው ያነክሳል። ራዲያተሩ ሲቀደድ እንፋሎቱ ከሩቅ ይታያል። እነዚህ ሁሉ ባለንብረቱን እየጎተቱ ወደ ጋራዥ ያመጡታል። አሞርዛተር ግን ከእነዚህ ወገን አይደለም። ሥራውን ከተወ በኋላም መኪናው ይነሣል፣ ይሄዳል፣ ይቆማል፤ ቆሞ ሲያዩትም ጤነኛ ይመስላል። ስለዚህ ያረጀ አሞርዛተር ራሱ የማይናገር በመሆኑ ስለ እርሱ መናገር የሚገባው ባለሙያው ነው። የዚህ ንግግር ዓላማ አሮጌ አሞርዛተር እንዴት እንደሚመረመርና እንደሚለወጥ ማስረዳት፣ በዚህም ረገድ ባለሙያው ያለበትን ኃላፊነት ማመልከት ነው።

ለነገሩ ምሳሌ እንዲሆን የተመረጠው ስፍራ ምሥራቅ ጎጃም፣ የተመረጠውም ተሽከርካሪ ላንድሮቨር ነው። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ የዐባይን በረሃ የተሻገረ መንገደኛ ደጀን ሲደርስ ሁለት መንገድ ይጠብቀዋል። አንደኛው በደብረ ማርቆስ፣ ሁለተኛው በቢቸና፣ በደብረ ወርቅና በሞጣ በኩል አድርጎ ወደ ባሕር ዳር ያደርሳል። ይህ ሁለተኛው መንገድ በግራው የጮቄን ተራራ፣ በቀኙ የዐባይን ሸለቆ ይዞ ወደ ሰሜን ያመራል። ከጮቄ የሚመነጩት ወንዞች ወደ ምሥራቅ እየፈሰሱ ዐባይን ስለሚገናኙ፣ መንገደኛው ከደጋው ሜዳ ወደ ወንዝ መውረድና ከወንዝ ወደ ሜዳ መውጣት ግዴታው ነው። በሜዳው ላይ ደግሞ ለጤፍ የተመቸው ጥቁር ዋልካ አፈር ተንጣሎ ይገኛል። ዋልካ ለገበሬው በረከት ሲሆን ለመንገድ ሠሪው ፈተና ነው። በክረምት ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በበጋ ደርቆ ይሰነጠቃል፤ በላዩ የተነጠፈውም ጠጠር ከእርሱ ጋር ይነሣል፣ ይወድቃል።

ይህ መንገድ ለረጅም ዓመታት የጠጠር መንገድ ሆኖ ኖሯል። የዋናው መንገድ ሁኔታ በየዘመኑ ቢለዋወጥም፣ ከእርሱ እየተገነጠሉ ወደ ገጠር ቀበሌዎች የሚገቡት መንገዶች ጠባያቸው ያው የጠጠርና የአፈር መንገድ ጠባይ ነው። የጠጠር መንገድን የሚያውቅ ሁሉ የሚያውቀው አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም ግሬደር ካለፈ ብዙም ሳይቆይ የመንገዱ ፊት እንደ ቤት ክዳን ቆርቆሮ ሞገድ እየሠራ መሸብሸቡ ነው። አንድ መኪና በሰዓት 36 ኪሎ ሜትር ሲጓዝ በአንድ ሴኮንድ 10 ሜትር ይሄዳል። የመንገዱ ሞገድ በየ1 ሜትሩ ቢሆን፣ እያንዳንዱ ጎማ በሴኮንድ 10 ጊዜ፣ በአንድ ሰዓት ጉዞ ደግሞ 36,000 ጊዜ ይመታል ማለት ነው። ይህን ሁሉ ምት ተቀብሎ ማብረድ የአሞርዛተሩ ተግባር ነው።

ላንድሮቨር ለሕዝብ የታየው በጎርጎርዮስ አቆጣጠር በ1948 በአምስተርዳም የመኪና ትርኢት ላይ ነበር። ሁለተኛው ዓይነት በ1958፣ ሦስተኛው በ1971 ወጣ፤ የዚህ የባሌስትራው ላንድሮቨር ምርት በ1985 አበቃ። እንግዲህ ከሁሉ ታናሽ የሆነውም እንኳ 40 ዓመት ሞልቶታል ማለት ነው። አካሉ ከአልሙኒየም ቅይጥ፣ ሻንሲው ግን ከብረት የተሠራ ነው። በአራቱም ማዕዘን ባሌስትራ፣ ከባሌስትራውም ጋር አንድ አንድ አሞርዛተር አለው። አሠራሩ ቀላል በመሆኑ፣ ክፍሎቹም በቡሎንና በዳዶ የሚፈቱ በመሆናቸው፣ ዘመናዊ መሣሪያ በሌለበት የገጠር ከተማ ሊጠገን የሚችል መኪና ነው። ለብዙ ዓመታት በኢትዮጵያ ገጠር የላንድሮቨር ስም ከአስቸጋሪ መንገድ ጋር ተያይዞ የኖረው በዚህ ምክንያት ነው።

ወደ ሥራው ከመግባት በፊት ግን አንድ በሰፊው የተለመደ ስሕተት መታረም አለበት። በመማሪያ መጻሕፍት ሾክ አብዞርበር፣ በጋራዥ ቋንቋ ከጣልያንኛው ቃል ተወስዶ አሞርዛተር የሚባለው ዕቃ የመኪናውን ክብደት የሚሸከም የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው። የመኪናውን ክብደት የሚሸከመው ባሌስትራው ነው፤ በሌሎች መኪኖች ደግሞ ሞላው ነው። የባሌስትራ ጠባዩ ግን የተቀበለውን ኃይል መልሶ መስጠት ነው። ሲጫኑት ይታጠፋል፤ ሲለቁት ይነሣል፣ ከመጠኑም አልፎ ይወረወራል፤ እንደገና ይወርዳል። ብቻውን ቢተው ከአንድ ጉድጓድ በኋላ መኪናው ደጋግሞ ይዘላል። አሞርዛተር ይህን ውዝዋዜ የሚያስቆም ዕቃ ነው። በውስጡ ዘይት የሞላበት ቱቦ፣ በቱቦው ውስጥም በዘንግ ጫፍ የታሰረ ፒስተን አለ። መኪናው ሲነሣና ሲወድቅ ፒስተኑ ዘይቱን በጠባብ ቀዳዳዎችና በቫልቮች በኩል ያሳልፈዋል። ዘይቱ በጭንቅ ሲያልፍ የባሌስትራው የመወዛወዝ ኃይል ወደ ሙቀት ይለወጣል፤ ሙቀቱም በቱቦው አካል በኩል ወደ አየር ይወጣል። አሞርዛተር ከመጨመቅ ይልቅ መለጠጥን አብልጦ እንዲቃወም የሚደረገው የታጠፈው ባሌስትራ አካሉን ወደ ላይ እንዳይወረውረው ነው።

አሞርዛተር የሚያረጅበትም መንገድ ከዚሁ አሠራር የመጣ ነው። በተሸበሸበ መንገድ ረጅም ጉዞ ሲደረግ ዘይቱ ከመጠን በላይ ይሞቃል፣ ከአየርም ጋር እየተደባለቀ አረፋ ይሆናል፤ አረፋ ደግሞ ፒስተንን ሊያግድ አይችልም። አቧራው በዘንጉ ላይ እየተጋገረ ዘይት እንዳይወጣ የሚያግደውን የጎማ ቀለበት ይበላዋል። ቀለበቱ ሲበላ ዘይቱ ይፈሳል። ቫልቮቹ ይለዝባሉ፤ በሁለቱ ጆሮዎች ውስጥ ያሉት ጎሚኒዎችም ይደርቃሉ፣ ይሰነጠቃሉ።

ይህ ሁሉ የሚሆነው ግን በአንድ ቀን አይደለም፤ አደጋውም እዚህ ላይ ነው። ጥንት በጎጃም መንገድ ጭነትና ሰው የምታመላልሰው በቅሎ ነበረች። ጥሩ ነጋዴ ማታ ከሰፈረ በኋላ ኮርቻውን አውርዶ የበቅሎይቱን ጀርባ ሳይዳስስ አይተኛም ነበር። ቁስሉ የሚጀምረው ከኮርቻው ሥር ነውና፣ ከላይ ሆኖ የሚጋልበው ሰው አያየውም። አሞርዛተርም እንደዚሁ ነው። ዛሬ ከትናንት ጥቂት ይደክማል፤ አሽከርካሪውም ሳያውቀው መሪውን ጥቂት አጥብቆ ይይዛል፣ ፍሬኑን ጥቂት ቀደም ብሎ ይረግጣል። ከዓመት በኋላ መኪናው ሌላ መኪና ሆኖ ሳለ አሽከርካሪው የሚያውቀው ያንኑ መኪና ይመስለዋል። ስለሆነም ባለንብረቱ «ምንም አልሆነም» ቢል እየዋሸ አይደለም፤ ለምዶት ነው።

ልማዱ ወዴት እንደሚያደርስ ለመረዳት አንድ ጉዞ ይታሰብ። በገበያ ቀን ሰውና እህል የጫነ አሮጌ ላንድሮቨር ከቢቸና ተነሥቶ ወደ ሞጣ ያመራል። ሜዳውን ጨርሶ ወደ ወንዝ የሚያወርደውን ጥምዝ ሲጀምር መንገዱ የተሸበሸበ ነው። አሞርዛተሩ የሞተበት ጎማ በእያንዳንዱ ሞገድ ጫፍ ከመሬት ይነሣል። ፍሬን መኪናን የሚያቆመው ጎማው መሬት ሲነካ ብቻ ነው፤ በአየር ላይ ያለን ጎማ ማሰር ምንም አይጠቅምም። መሪም እንደዚሁ ነው። መሬት የማይነካ ጎማ የትም ቢዞር መኪናውን አያዞረውም። በዚያች ቅጽበት የተሳፋሪዎቹ ሕይወት የተንጠለጠለው ከሳምንት በፊት አንድ ሰው ከመኪናው ሥር ተኝቶ ባየው፣ ወይም አይቶ ባለፈው ዕቃ ላይ ነው።

የምርመራው ሥራ በዐይን ይጀምራል። በአሞርዛተሩ አካል ላይ ቀጭን የዘይት ወዝ መታየቱ ብቻውን ለመለወጥ አያበቃም፤ ዘይት ወርዶ አቧራ ከጋገረበት፣ ከሥርም የሚንጠባጠብ ከሆነ ግን ሥራው አብቅቷል። ዘንጉ ተቆልምሞ ወይም ዝጎ እንደሆነ፣ ቱቦው በድንጋይ ተመትቶ ጎድጉዶ እንደሆነ፣ የጆሮዎቹ ጎሚኒ ተፈርፍሮ እንደሆነ ይታያል። ቀጥሎ ጎማው በእጅ ይዳሰሳል። የጎማው ፊት አንዱ ስፍራ ጎድጎድ፣ አንዱ ስፍራ ከፍ እያለ በየቦታው ተበልቶ ከተገኘ፣ ያ ጎማ ሲዘል የኖረ ጎማ ሊሆን ይችላል። አሽከርካሪውም የሚጠየቀው «አሞርዛተሩ ደህና ነው?» ተብሎ አይደለም። ሌሊት ሲነዳ መብራቱ በመንገዱ ላይ ይዘል እንደሆነ፣ ፍሬን ሲይዝ አፍንጫው ይሰግድ እንደሆነ፣ በጥምዝ ላይ ኋላው ይሸሽ እንደሆነ በዝርዝር መጠየቅ ይገባል።

የመኪናውን ማዕዘን በእጅ ተጭኖ መልቀቅ የተለመደ ፈተና ነው። በሞላ በሚሄድ አውቶሞቢል ላይ አካሉ ደጋግሞ ከተወዛወዘ አሞርዛተሩ መድከሙ ይታወቃል። በላንድሮቨር ላይ ግን ይህ ፈተና ያታልላል። የባሌስትራው ቅጠሎች እርስ በርሳቸው ሲፋተጉ ራሳቸው ውዝዋዜውን ያግዱታልና፣ አሞርዛተሩ ፈጽሞ ሞቶ እያለ መኪናው አንድ ጊዜ ተነሥቶ ጸጥ ሊል ይችላል። እርግጠኛው መንገድ የአሞርዛተሩን አንድ ጫፍ ፈትቶ በእጅ መሳብና መጫን ነው። ጤነኛው ከጫፍ እስከ ጫፍ እኩል ይቃወማል፤ ያረጀው መካከል ላይ ባዶ ይሆናል፣ ወይም እንደ ውኃ ይሄዳል። ቢቸናና ሞጣ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,400 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ያላቸው፣ ማለዳቸውም የሚቀዘቅዝ ከተሞች ናቸው። በብርድ የወፈረ ዘይት ያረጀውን ዕቃ ብርቱ ስለሚያስመስለው፣ ምርመራው መኪናው ከተነዳ በኋላ ቢሆን ይመረጣል።

አሁን ወደ መለወጡ ሥራ ይገባል። በመጀመሪያ መኪናው በደረቅና በደልዳላ መሬት ላይ ይቆማል፤ ጎማዎቹም ከፊትና ከኋላ በድንጋይ ወይም በእንጨት ሽብልቅ ይታገዳሉ። ይህ በላንድሮቨር ላይ ከሌላው መኪና ይልቅ ጥብቅ ትእዛዝ ነው። የባሌስትራው ላንድሮቨር የእጅ ፍሬን የሚይዘው ጎማዎቹን አይደለም፤ ከማርሽ ሳጥኑ በኋላ በኩል የሚወጣውን ዘንግ ነው። ስለዚህ አንድ የኋላ ጎማ በክሪክ ከመሬት ሲነሣ፣ ዲፈረንሻሉ የተነሣውን ጎማ በአንድ በኩል እያዞረ መሬት ላይ ያለው ጎማ እንዲንከባለል ይፈቅድለታል፤ የእጅ ፍሬኑ ተይዞ እያለ መኪናው ይሄዳል። ደግነቱ ክብደቱን ባሌስትራው ስለሚሸከም፣ አራቱም ጎማ መሬት ላይ እንዳሉ የላንድሮቨርን አሞርዛተር መለወጥ ይቻላል። ማንሣት ግድ ከሆነም በክሪክ ብቻ ታምኖ ከሥር መግባት ክልክል ነው፤ ሻንሲው በጠንካራ መደገፊያ ላይ መቀመጥ አለበት። በሌላ በኩል ይህ ልምድ ወደ ሌሎች መኪኖች ሁሉ ሊዛወር አይገባም። ለምሳሌ በፔጆ 404 የፊት እግር ላይ አሞርዛተሩና ሞላው በአንድ ላይ የተሠሩ ናቸው፤ ሞላውን በመጭመቂያ ሳያስሩ የላይኛውን ዳዶ መፍታት ሰው ሊገድል ይችላል።

ዳዶዎቹና ኮፒላዎቹ በብረት ብሩሽ ከጸዱ በኋላ ዝገት የሚያላላ ዘይት ተቀብተው፣ የሚቻል ከሆነ ሌሊቱን እንዲያድሩ ይደረጋል። አሮጌው ዕቃ ሲወጣ የታሰረበት ዘንግና ከሻንሲው ጋር የተበየደበት ስፍራ በጥንቃቄ ይመረመራል፤ የላንድሮቨር ሻንሲ ከውስጥ የሚዝግ ባዶ ብረት ነውና፣ ከላይ ቀለም ያለው ሁሉ ጤነኛ አይደለም። የተሰነጠቀ ማሰሪያ ላይ አዲስ አሞርዛተር ማሰር ገንዘብን መጣል ነው።

አዲሱ ዕቃ ከመታሰሩ በፊት ይለካል። ተለጥጦ ያለው ርዝመት፣ ተጨምቆ ያለው ርዝመትና የጆሮው ቀዳዳ ስፋት ከመኪናው ጋር መስማማት አለባቸው። ሲለጠጥ የሚያጥር ከሆነ አክስሉ በጉድጓድ ላይ ሲወርድ ማሰሪያውን ይገነጥለዋል። ሲጨመቅ የሚረዝም ከሆነ ደግሞ ምቱን ለመቀበል ከተሠራው የግጭት ጎማ ቀድሞ ይጋጭና ይሰበራል። በመጋዘን ተኝቶ የቆየ የዘይት አሞርዛተር በውስጡ አየር ከቦታው ይወጣል። ስለዚህ እንደሚታሰርበት አቁሞ እስከ ጫፉ መለጠጥ፣ ገልብጦ መጨመቅ፣ ባዶ ስፍራ እስኪጠፋ ድረስም ይህን ጥቂት ጊዜ መደጋገም ያስፈልጋል። ከዚያ በኋላ ሳይጋደም ይታሰራል። ጎሚኒዎቹ ሁልጊዜ አዲስ ይሁኑ፤ ግራሶም ሆነ ዘይት አይቀቡ፣ ጎማን ይበላልና። ኮፒላ በሚገባበት ጫፍ ሮንዴላው ጎሚኒውን ጨምቆ ቀዳዳው እስኪታይ ድረስ ረዳት ወይም መጭመቂያ ይፈልጋል፤ ያገለገለ ኮፒላ ግን ተመልሶ አይገባም። ዳዶዎቹ በመጨረሻ የሚጠብቁት መኪናው በጎማዎቹ ላይ ቆሞ ሳለ ነው። በአየር ላይ ከጠበቁ ጎሚኒው ተጣምሞ ይውላል፣ በቶሎም ይቀደዳል።

አሞርዛተር የሚለወጠው ጥንድ ጥንዱን ነው። በአንድ አክስል ግራው አዲስ፣ ቀኙ አሮጌ ከሆነ መኪናው በተመታ ቁጥር ወደ አንድ ወገን ያዘነብላል። ለአራቱም የሚበቃ ገንዘብ ከሌለ የአንዱን አክስል ሁለቱን መለወጥ ይሻላል እንጂ፣ አንዱን ከፊት አንዱን ከኋላ ማድረግ ጥገና አይባልም። ከሥራው በኋላ ባለሙያው ራሱ ከአሽከርካሪው ጋር በቅርብ ባለ መጥፎ መንገድ ነድቶ ይፈትናል፤ ተመልሶም ዳዶዎቹን እንደገና ያያል።

ዕቃ በማይገኝበት ስፍራ ሰው ብልሃት መፈለጉ የታወቀ ነው፤ ብልሃት ሁሉ ግን መፍትሔ አይደለም። ተበይዶ የተዘጋውን ቱቦ ቀድቶ ወፍራም የሞተር ዘይት ጨምሮ መልሶ መበየድ አሞርዛተሩን ለጊዜው ያከብደዋል፤ ነገር ግን ቀለበቱን ያቃጥላል፣ ፍሳሹንም አያቆምም። ለጭነት መኪና የተሠራውን ድንዳኔ አሞርዛተር በላንድሮቨር ላይ ማሰር ባሌስትራው ሊቀበለው የሚገባውን ምት ወደ ሻንሲው ያስተላልፋል፤ አሮጌውን ብረትም ይሰነጥቃል። ከሁሉ የከፋው ደግሞ የተሰበረውን አውጥቶ ጥሎ «ያለ እርሱም ይሄዳል» ማለት ነው። በእርግጥ ይሄዳል፤ የሚያስፈራውም መሄዱ ነው።

እዚህ ላይ ከባዱ ጥያቄ ይነሣል። ባለንብረቱ ድኻ ነው፤ መኪናው የቤተሰቡ እንጀራ ነው፤ ዕቃው ውድ ነው፤ ከአዲስ አበባ እስኪመጣም ቀናት ይወስዳል። ሞተሩ ይነሣል፣ ተሳፋሪው ይጠብቃል። በዚህ ጊዜ ባለሙያው ዝም ቢል የሚከሰው የለም። ይሁን እንጂ የሙያ ክብር የሚለካው ማንም በማይከስበት ሥራ ነው። ባለሙያው ያየውን በግልጽ ቃል መናገር፣ ከተቻለም ቀኑንና የመኪናውን ኪሎ ሜትር ጨምሮ በወረቀት ጽፎ መስጠት ይገባዋል። ዕቃው እስኪመጣ ድረስ ጭነቱ እንዲቀነስ፣ በቁልቁለት በዝግታ እንዲነዳ መምከር አለበት። ማሰሪያው የተገነጠለ ወይም መሪው የሚሸሽ ከሆነ ግን ሰው ጭኖ እንዳይወጣ አጥብቆ መከልከል ግዴታው ነው። «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለው የአባቶች ቃል ለጋራዥም ይሠራል። ሁለት አሞርዛተር ዛሬ መግዛት ነገ አራት ጎማ፣ ከነገ ወዲያም ሻንሲ ከመጠገን ይቀላል፤ ለጠፋ ሕይወት ደግሞ ዋጋ አይወጣለትም።

ይህ ጉዳይ ያለፈ ዘመን ትዝታ ብቻ የሚመስለው ቢኖር ተሳስቷል። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተወስኗል። አዲስ እንዳይገባ በተከለከለ መጠን በእጅ ያለው ዕድሜው እንዲረዝም ይፈለጋል፤ ሸክሙም የሚያርፈው በየከተማው ባለው ባለሙያ ጫንቃ ላይ ነው። በኤሌክትሪክ የሚሄደውም ቢሆን በዚያው ጠጠርና በዚያው ዋልካ ላይ የሚሄድ በመሆኑ አሞርዛተር ያስፈልገዋል። ስለዚህ በጋራዥ ውስጥ ቁልፍ የሚያቀብለው ወጣት ረዳት ዳዶ መፍታትን ብቻ ሳይሆን፣ የወጣውን አሮጌ አሞርዛተር በእጁ ስቦና ጨምቆ የሞተውን ከጤነኛው መለየትን መማር አለበት። እጁ አንድ ጊዜ ካወቀው አይረሳውም።

የተከበራችሁ አባላት፣ ከቢቸና ወደ ሞጣ የሚሄደው ተሳፋሪ የአሞርዛተርን ስም ላያውቅ ይችላል፤ ማወቅም አይጠበቅበትም። ተሳፍሮ ወንዙን በሰላም ወርዶ በሰላም ቢወጣ ማንን እንደሚያመሰግን አያውቅም። ያ መንገደኛ ሳያውቀው ሕይወቱን ያመነው ከመኪናው ሥር ለሚተኛው ባለሙያ ነው፤ ባለሙያውም ይህን እምነት እያወቀ ሊሠራ ይገባዋል።